ስለ እንግሊዝ ባላገሮች ቫዮሊንና ስለ እጅ ስልት አወራረስ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በብዙ ነገር እውነት ነው። ሕግም፣ ታሪክም፣ ትርጓሜም በመጽሐፍ ባይቀመጥ ኖሮ ለልጅ ልጅ ባልደረሰም ነበር። በዜማ ነገር ግን ምሳሌው እኩሌታውን ብቻ ይናገራል። የዜማው መውጣትና መውረድ በምልክት ይጻፋል፤ ዜማውን የሚያሰማው እጅ ግን የት እንደሚጫን፣ የት እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚያዘገይና የት እንደሚያፋጥን በወረቀት ላይ ተሟልቶ አይሰፍርም። ይህ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ በማየትና በመስማት ይተላለፋል።

ይህን በጉልህ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የእንግሊዝ ባላገሮች የቫዮሊን ታሪክ ነው። በዚያ አገር ዜማው በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ተረፈ፤ የእጁ ስልት ግን በየአውራጃው በጥቂት ሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ቀርቶ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። ከዚያም ውስጥ አንዳንዱ ጠፋ፤ አንዳንዱ ዳነ። የጠፋው ስለ ምን ጠፋ፣ የዳነውስ በምን ዳነ የሚለው ጥያቄ ለዜማ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ትምህርትን ከእጅ ወደ እጅ ለሚያስተላልፍ ሕዝብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቫዮሊን ከሥሥ እንጨት ተሠርቶ አራት አውታር የተወጠረበት፣ የፈረስ ጭራ በታሰረበት ደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። በደጋን ስለሚናገር ከማሲንቆ ጋር ዝምድና አለው ቢባል ነውር የለበትም፤ ልዩነቱ ማሲንቆ በአንድ ጭራ የሚናገረውን ይህ በአራት አውታር መናገሩ ነው። እንግሊዞችም ለዚሁ ለአንዱ መሣሪያ ሁለት ስም አወጡለት። በቤተ መንግሥትና በትልልቅ አዳራሽ ሲመታ «ቫዮሊን» ይሉታል፤ በመንደር፣ በሠርግ ቤትና በመጠጥ ቤት ለጭፈራ ሲመታ ግን «ፊድል» ይሉታል። እንጨቱም አውታሩም አንድ ሲሆን ስሙን የለወጠው የመቺው እጅና የሚመታበት ስፍራ ነው።

መሣሪያው ለእንግሊዝ አገር እንግዳ ነበረ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1540 ከኢጣልያ ስድስት የደጋን መሣሪያ መቺዎችን አስመጥተው በቤተ መንግሥታቸው አኖሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ውስጥ ቫዮሊን ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ገጠር ወረደ። ቀድሞ በመንደር ጭፈራ ይሰማ የነበረውን፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ዋሽንት እየነፋ በሌላው እጁ ከበሮ የሚመታበትን ልማድ በብዙ ስፍራ ቀስ በቀስ ተካው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ድምፁ ርቆ የሚሰማ፣ ሸክሙ ቀላል፣ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበሩን ሁሉ ሊያስጨፍርበት የሚችል ነበርና።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሁልጊዜ የተጠረገ አልነበረም። ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ በ1649 በሞት ከተቀጡ በኋላ አገሪቱ በኦሊቨር ክሮምዌልና በፒዩሪታን ወገኖች እጅ ወደቀች። በ1657 የወጣው የሥራ ፈቶችና የዘዋሪዎች ሕግ በየመጠጥ ቤቱና በየእንግዳ ማረፊያው ፊድል የሚመታውን ሰው ከዘዋሪ ወሮበላ ጋር ቈጥሮ እንዲቀጣ አዘዘ። ነገር ግን የሚያስደንቀው ነገር፣ የእንግሊዝን የጭፈራ ዜማ ከመጥፋት ያዳነው ታላቁ መጽሐፍ የታተመው በዚያው በፒዩሪታኖች ዘመን ነው። ጆን ፕሌፎርድ የተባለ የለንደን አሳታሚና መጽሐፍ ሻጭ በ1651 «የእንግሊዝ የጭፈራ መምህር» የሚል መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉም ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ጭፈራዎችን ከነዜማቸው ጻፈ። ሰውም መጽሐፉን ስለ ወደደው፣ አሳታሚው ከሞተም በኋላ ሳይቀር፣ እየተጨመረበትና እየታረመ እስከ 1728 ገደማ 18 ጊዜ ታተመ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለውና የሌለው ነገር ሁለቱም ሊታወቅ ይገባል። ዜማው አለ፤ ጨፋሪው እግሩን ወዴት እንደሚያነሣ፣ ከማን ጋር እጅ እንደሚያያዝ የሚነግር ቃልም አለ። ደጋኑ እንዴት እንደሚሳብና እንዴት እንደሚገፋ የሚናገር ምልክት ግን የለም። አሳታሚው ይህን የተወው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ገዢው ሁሉ በአጠገቡ ፊድል መቺ ሲመታ ያይ ነበርና፣ የሚያውቀውን ነገር መጻፍ አላስፈለገም። በየዘመኑ የሚጠፋው ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም የማይጽፈው።

ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1660 ወደ ዙፋን በተመለሱ ጊዜ የፈረንሳይን ንጉሥ አብነት ተከትለው ሃያ አራት ቫዮሊን መቺዎች በቤተ መንግሥት አቆሙ። የቤተ መንግሥቱ ቫዮሊን ከዚያ ወዲህ የኢጣልያንና የፈረንሳይን መንገድ እየተከተለ ሄደ። የመንደሩ ፊድል ግን የራሱን መንገድ ያዘ። በአዳራሽ የሚመቱት መሣሪያውን ከአገጭ ሥር መያዝ ከተማሩም በኋላ ብዙ ባላገሮች እንደ ጥንቱ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይመቱት ነበር፤ ደጋኑንም ከጫፉ ሳይሆን ወደ መካከሉ ቀረብ አድርገው ይይዙት ነበር። የአዳራሹ መቺ በአንድ ረጅም የደጋን ስብ ብዙ ድምፅ ሲያያይዝ፣ የመንደሩ መቺ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ አጭር ስብ ወይም አንድ አጭር ግፊት ይሰጥ ነበር። የአዳራሹ መቺ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ድምፁን ሲያርገበግብ፣ የመንደሩ መቺ ሁለት አውታር በአንድነት እየነካ አንዱ ዜማውን ሲያሰማ ሁለተኛው ከበታች እንዲያስተጋባ ያደርግ ነበር። የጆሮ ሰዎች ይህን አለመማር ነው ብለው ይንቁት ነበር፤ ነገሩ ግን የሥራ ልዩነት ነው። የአንዱ ሥራ ተቀምጦ የሚሰማውን ማስደሰት ነው፤ የሌላው ሥራ የቆመውን ማንቀሳቀስ ነው።

ሥራው ማንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ ሰው በየአውራጃው እንደሚጨፍርበት የእግር ልዩነት የእጁም ስልት ተለየ። በ1705 ቶማስ ማርስደን የተባለ ሰው የላንካሺር አውራጃ ሆርንፓይፖችን ሰብስቦ ማሳተሙ፣ ዜማ በአውራጃው ስም መጠራት እንደ ጀመረ ያስረዳል። ሆርንፓይፕ የጭፈራና የዜማ ዓይነት ስም ነው። የጥንቱ ሆርንፓይፕ በሦስት ምት ይሄድ ነበር፤ ኀይሉም እየተዛወረ ጆሮ ባልጠበቀው ስፍራ ይወድቃል። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በደቡብ ይህ ተረስቶ ባራት ምት የሚሄደው አዲሱ ሆርንፓይፕ ሲነግሥ፣ የሰሜን ሰዎች ግን የጥንቱን ጨርሰው አልተዉትም።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመንደሩን ፊድል መቺ የሚያቆሙት ሦስት ምሰሶዎች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ በእጅ የተጻፈ ደብተርና ጭፈራ።

ስለ መጀመሪያው ምሰሶ እንናገር ቢባል፣ በእንግሊዝ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት በምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ የተሠራ ሰገነት ነበረ። በዚያ ሰገነት ላይ የመንደሩ አናጺ፣ ጫማ ሰፊና ገበሬ በእሑድ ቀን ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ክላርኔትና ባሱን ይዘው ተቀምጠው ለመዝሙረ ዳዊት ዜማ ይመቱ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ቅዳሜ ማታ በሠርግ ቤት ያስጨፍሩ ነበር። በዶርሴት አውራጃ በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረው የሃርዲ ቤተ ሰብ ለዚህ ምስክር ነው። አያቱ ቼሎ፣ አባትና አጎት ቫዮሊን ይመቱ ነበር። የዚህ ቤት ልጅ ቶማስ ሃርዲ በ1840 ተወልዶ በኋላ ከአገሩ ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆነ።

ሃርዲ ራሱ በሕፃንነቱ ፊድል ተምሮ ከአባቱ ጋር በየመንደሩ ጭፈራ ይመታ ነበር። ስለ ሕይወቱ በተጻፈው መጽሐፍ እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን አንድን የባላገር ጭፈራ ሳያቋርጥ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ቢመታ፣ የቤቱ እመቤት ልጁ ከድካም የተነሣ እንዳይጎዳ ፈርታ ክንዱን ይዛ አስቆመችው። እናቱም ስለ መምታቱ ገንዘብ እንዳይቀበል አጥብቃ ከልክላው ነበር። እርሱ ግን አንድ ጊዜ ለሚመኘው መጽሐፍ መግዣ ብሎ የተዋጣለትን ሳንቲም ተቀበለ።

ሁለተኛው ምሰሶ ደብተሩ ነው። ሃርዲ «ከአረንጓዴው ዛፍ በታች» ለተባለው ልብ ወለድ መጽሐፉ በ1896 በጻፈው መቅድም ስለነዚህ ደብተሮች ሲናገር፣ መቺዎቹ መዝሙሩን ከደብተሩ ፊት ጀምረው፣ የጭፈራውን ዜማ ደብተሩን ገልብጠው ከኋላው ጀምረው ይጽፉ ነበር ይላል። ሁለቱም እየተጻፉ ሄደው በደብተሩ መካከል ይገናኙ ነበር። ይህ የደብተር ነገር የሰዎቹን ኑሮ እንዳለ ያሳያል፤ ቅዳሜና እሑድ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ እንደ ተገናኙ፣ በወረቀቱም ላይ ተገናኙ።

እንዲህ ያሉ ደብተሮች በአገሪቱ ሁሉ ተገኝተዋል። በሰሜን በታይን ወንዝ አጠገብ ዊልያም ቪከርስ የሚባል ሰው በ1770 የጀመረው ደብተር ከአምስት መቶ የሚበልጥ ዜማ ይዟል። በዮርክሺር እህል ፈጪ የነበረው ጆሹዋ ጃክሰን በ1798 የራሱን ደብተር ጀመረ። በኖርዛምፕተንሺር የሄልፕስተኑ ባለቅኔ ጆን ክሌር፣ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዜማዎችን በሁለት ደብተር ጻፈ። ክሌር ፊድል የተማረው በዚያ አውራጃ ድንኳን ተክለው ከሚኖሩት ከጂፕሲዎች ነው፤ እነርሱም ያስተማሩት በጆሮ ነው። ደብተር ጻፊው ራሱ የደብተር ተማሪ አልነበረም ማለት ነው።

በሳሴክስ አውራጃ በዋርንሃም መንደር የነበረው ማይክል ተርነር ደግሞ ለዚህ ነገር ልዩ ምሳሌ ነው። ተርነር በ1796 ተወልዶ በ1885 የሞተ ጫማ ሰፊ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ለረጅም ዘመን በጸሎት ጊዜ ለቄሱ የሚመልስ አገልጋይ ነበረ። ከደብተሩ የተገኘ አንድ የዋልስ ዜማ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል፤ በእንግሊዝ ፊድል መቺዎችም ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። በኋላ ሲመረመር ዜማው የሞዛርት ሆኖ ተገኘ። ይህ ለተርነር እፍረት አይደለም። የቪየና ከተማ ዜማ በሳሴክስ ጫማ ሰፊ እጅ ገብቶ የሳሴክስ ዜማ እስኪመስል ድረስ መለወጡ፣ የአውራጃ ስልት ማለት የዜማው ትውልድ ሳይሆን የእጁ ልማድ መሆኑን በግልጥ ያስረዳል።

ሦስተኛው ምሰሶ፣ የሁሉም መሠረት የሆነው፣ ጭፈራ ነው። በየአውራጃው የነበረውን ስልት በአጭሩ ቢመለከቱት፣ እጁ እግሩን እንደሚከተል ይታያል።

በሰሜን ጫፍ በኖርዘምበርላንድ ሰዎቹ በክንድ ሥር በሚታቀፍ ወናፍ ነፋስ የሚሞላ ትንሽ የቧንቧ መሣሪያ አላቸው። የዚህ ቧንቧ ጫፉ የተዘጋ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ድምፅ ከጎረቤቱ ተቈርጦ እንደ ዶቃ ለየብቻ ሊሰማ ይችላል። የአውራጃው ፊድል መቺዎችም ከቧንቧ ነፊዎች ጋር ስለሚመቱ ድምፃቸው ጥርት ያለና የተቈረጠ ነው። በጌትስሄድና በኒውካስል የኖረው ጄምስ ሂል በ1853 ሳይሞት በፊት የዚህን አውራጃ ሆርንፓይፕ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሰው። ቢስዊንግ የተባለች የታወቀች የእሽቅድምድም ፈረስ ስታሸንፍ በስሟ ዜማ አወጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1849 መርቀው በከፈቱት በታይን ወንዝ ላይ በተሠራው ከፍተኛ ድልድይ ስምም ዜማ አወጣ። እነዚህም ዜማዎች ጣት ያልነካው አውታር ብዙ በማይረዳበት ቅኝት የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ያልሠለጠነ ጣት አይደርስባቸውም። የዚህ አውራጃ ስልት በበግ እረኞች ዘንድ ረጅም ዘመን ቆየ፤ ከእነርሱም አንዱ ዊሊ ቴይለር እስከ 2000 ኖረ።

በሰሜን ምዕራብ በሐይቆቹ አገር ደግሞ የጭፈራ መምህር የሚባል ሰው ነበረ። ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ በየስፍራው ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ፊድል በሌላው ደጋን ይዞ፣ ለልጆቹ እርምጃ ያስተምር ነበር። እንጨት ሶል ባለው ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፍሩትን የእግር ምት እንዲያሳይ ደጋኑ ግልጥና ያልተዝረከረከ መሆን ነበረበት። የላንግዴሉ ዊልያም ኧርዊን ደብተሮች የዚህ አገር ዜማ ማስታወሻ ናቸው።

በምሥራቅ፣ በኖርፎክና በሰፎክ፣ ጭፈራው ብዙውን ጊዜ በመጠጥ ቤት ነው። አንድ ሰው በጠባብ ስፍራ ቆሞ በእግሩ ብቻ ይጨፍራል፤ የቀሩት ዙሪያውን ተቀምጠው ያያሉ። ስለዚህ የዚያ አገር ፊድል መቺ አይቸኩልም፤ ደጋኑን አጫጭር አድርጎ፣ ምቱን እንደ ሰዓት ጠብቆ ይመታል፤ ከአኮርዲዮንና በብረት ክሮች ላይ በትንንሽ መዶሻ ከሚመታው ዳልሲመር ጋር ተስማምቶ ይሄዳል። ሆርንፓይፕና ፖልካ የዚህ አገር ምግብ ናቸው።

በመካከለኛው አገር በኮትስወልድ ኮረብቶች አጠገብ ባሉት መንደሮች ሞሪስ የሚባል ጭፈራ አለ። ስድስት ወንዶች በእግራቸው ቃጭል አስረው፣ በእጃቸው ነጭ መሐረብ ይዘው ይጨፍራሉ። በዚህ ጭፈራ ውስጥ ጨፋሪው ከፍ ብሎ የሚዘልበት ስፍራ አለ። በዚያን ጊዜ ፊድል መቺው ዜማውን እጥፍ አዘግይቶ፣ ጨፋሪው በአየር ላይ ሳለ ይጠብቀዋል፤ እግሩ መሬት ሲነካ ደጋኑም ይወድቃል። ይህን በኖታ «አዘግይ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ምን ያህል እንደሚዘገይ ግን የሚያውቀው ጨፋሪውን የሚያይ ዓይን ብቻ ነው፤ ሁሉም እኩል አይዘልምና። በኦክስፎርድሺር በባምፕተን መንደር በ1868 ተወልዶ በ1953 የሞተው ዊልያም ዌልስ፣ ጂንኪ በሚል ቅጽል ስም የታወቀው፣ ራሱ ጨፋሪ፣ የማኅበሩ አሳቂም፣ ፊድል መቺም ነበረ። ስለዚህ የደጋኑን ሥራ የተማረው በእግሩ ጭምር ነው።

በምዕራብ በግሎስተርሺርና በሄርፎርድሺር ዳርቻ የጂፕሲና የባላገር ስልት ተቀላቅሎ ይገኝ ነበር። በዚያም ቻርልስ ባልድዊን ለሞሪስ ይመታ ነበር፤ ልጁ ስቲቨንም ተከተለው።

እነዚህ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ወደቁ። መጀመሪያ የወደቀው የቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ነው። ከ1830ዎቹ ወዲህ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ሥርዐትን ለማስከበር የተነሡ ካህናት የሰገነቱን ማኅበር አልወደዱትም። ለዚህም ምክንያት አልታጣላቸውም፤ አንዳንዱ ማኅበር ሳይስማማ ይመታ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ያስጨፈረ እጅ እሑድ ጧት መዝሙር ሲመታ ማየትም ለብዙዎች ከባድ ነበረ። ስለዚህ ሰገነቱ እየፈረሰ ኦርጋን ወይም ሃርሞኒየም ገባ፤ ድሀው አጥቢያ ደግሞ እጀታው ሲዞር የተወሰኑ ዜማዎችን ብቻ የሚያሰማ ኦርጋን ገዛ። በስቲንስፎርድም የሃርዲ ቤተ ሰብ አገልግሎት በ1840ዎቹ መጀመሪያ አበቃ።

የተገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ዜማው ተስተካከለ፤ ጸጥታም ሰፈነ። ኪሳራውም እውነተኛ ነው። ሃርዲ ከላይ በተጠቀሰው መቅድም እንዳመለከተው፣ ስድስትና ዐሥር ሰዎች ያገለግሉበት የነበረው ሥራ ለአንድ ኦርጋን መቺ ሲሰጥ፣ የአጥቢያው ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። ቀድሞ አባት ልጁን ለእሑድ አገልግሎት ብሎ ኖታ ያስተምረው ነበር፤ አገልግሎቱ ሲቀር ትምህርቱም ቀረ። ጭፈራውን የሚመታው እጅ የሠለጠነው በመዝሙሩ ነበርና፣ ሰገነቱ ሲፈርስ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር ተጎዳ።

ቀጥሎ ጭፈራው ደከመ። ሰው እርሻውን ትቶ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሄደ። ለመማር የሚቀለውና በዝናብ ቅኝቱ የማይፈርሰው አኮርዲዮንና ኮንሰርቲና የፊድልን ስፍራ ወሰደ። ሴሲል ሻርፕ የተባለው የዜማ መምህር በልደት ማግስት በዲሴምበር 26 ቀን 1899 በኦክስፎርድ አጠገብ የሄዲንግተን ሞሪስ ጨፋሪዎችን አይቶ በተደነቀ ጊዜ፣ ለጨፋሪዎቹ ይመታ የነበረው ዊልያም ኪምበር የያዘው ኮንሰርቲና ነበር። ሻርፕም ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ እየዞረ የሽማግሌዎቹን ዜማና ጭፈራ ጻፈ፤ በ1911ም የእንግሊዝን የሕዝብ ጭፈራ ማኅበር አቆመ። ጦርነቱም ከ1914 እስከ 1918 ብዙ ጐልማሶችን ፈጀ። ዜማ ደራሲ፣ ዜማ ሰብሳቢና የሞሪስ ጨፋሪ የነበረው ጆርጅ ባተርዎርዝ በኦገስት 1916 በፈረንሳይ በሶም ጦር ግንባር ወደቀ። ከየመንደሩ የወደቁት ጨፋሪዎችም ትምህርቱን ሊቀበሉ ይገባቸው የነበሩት ናቸው።

የሻርፕ ድካም ታላቅ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን እርሱም እንደ ፕሌፎርድ በወረቀት ሊይዝ የቻለው ዜማውን እንጂ ደጋኑን አይደለም። ዜማዎቹም ለፒያኖ ተዘጋጅተው በመታተማቸው፣ በትምህርት ቤት የተማሩት ልጆች ጭፈራውን ያወቁት በፒያኖ ድምፅ ነው። በሄርፎርድሺር የነበረችው ወይዘሮ ኤላ ሌዘር ግን ፎኖግራፍ ይዛ ወደ ባላገሮቹ ሄደች። ጆን ሎክ ከተባለው የጂፕሲ ፊድል መቺ የተገኘው ድምፅም በሰም ላይ ተቀረጸ። ያ ድምፅ የሚንጫጫና የደከመ ቢሆንም፣ ኖታ የማይናገረውን እጅ ይናገራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥቂት ሰዎች ነገሩ እንደ ተጣደፈ ዐወቁ። በ1954 ራስል ዎርትሊ የስቲቨን ባልድዊንን ፊድል በመቅረጫ ያዘ። ባልድዊን በ1873 የተወለደ ሰው ነበርና በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰማንያ ገደማ ነበረ፤ በማግስቱ ዓመት በ1955 ሞተ። በአንድ ዓመት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ከአባቱ የተቀበለው እጅ ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። በ1962 ደግሞ በኖርፎክ በሺፕዳም የዋልተር ባልወር ፊድል፣ ከሚስቱ ከዴዚ ፒያኖና ከቢሊ ኩፐር ዳልሲመር ጋር ተቀረጸ። በ1965 በሸክላ ሲወጣ የታተመው 99 ብቻ ነበረ። ሆኖም ያ ጥቂት ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አንድ ትውልድ አስተማረ። ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሥራ እንዲህ ነው፤ ቍጥሩ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ።

ከእርሱ ከተማሩት መካከል በ1974 በግሎስተርሺር የተቋቋመው የኦልድ ስዋን የሙዚቃ ጓድ ይገኝበታል። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ፊድል የያዘ ወጣት አብዛኛው የሚመታው የአየርላንድንና የስኮትላንድን ፈጣን ዜማ ነበረ፤ ከዚያም ሪል የሚባለው ዋነኛው ነው። ጓዱ በ1977 ያወጣውን ሸክላ «ሪል የለበትም» ብሎ ሰየመው። ይህ ጎረቤትን መናቅ አልነበረም፤ የራስን ቤት ዕቃ መፈለግ ነው። ፖልካውን፣ ሆርንፓይፑንና ዋልሱን ከሽማግሌዎቹ እንደ ሰሙት በዝግታና በጽኑ ምት መቱት፤ ሰውም እንደ ገና ተነሥቶ ጨፈረ። ዛሬም በእንግሊዝ አገር እነዚህን ደብተሮች የሚያነቡና የባልድዊንን ድምፅ እየሰሙ ደጋን የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ።

ነገር ግን በድምፅ መቅረጫ የተማረና ከሰው የተማረ አንድ አይደለም። መቅረጫው አንድ ቀን የተመታውን አንድ መምታት ብቻ ይሰጣል፤ ሰውየው ግን ጨፋሪው ሲደክም ምን እንደሚያደርግ፣ ሕፃን ሲጨፍር እንዴት እንደሚያቀል፣ ሽማግሌ ሲዘል ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያሳያል። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ስልት ከመቅረጫ ብቻ በተወሰደበት ስፍራ ትንሣኤው በብዙ ጥናት የተገኘ ሲሆን፣ ጭፈራው ባልተቋረጠበት ስፍራ ግን ትንሣኤም አላስፈለገ። ባምፕተን ለዚህ ምስክር ነው። ቀድሞ በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ዛሬ ደግሞ በሜይ ወር መጨረሻ ሰኞ፣ የመንደሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ቃጭል አስረው፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። በዚያ ጭፈራ መካከል የቆመ ወጣት ፊድል መቺ የዌልስን ደጋን ያላየ ቢሆንም፣ ዌልስን ያዩትን ያየ ሰው አይቶአል።

እንግዲህ ታሪኩ ሲጠቃለል የምሳሌውን ፍጻሜ ያስተምራል። የእንግሊዝ ባላገሮች ደብተር ባይኖር ዜማው በጠፋ ነበር፤ ይህ የመጽሐፍ ክብር ነው። ደብተሩ እያለ ግን እጁ ሊጠፋ ደረሰ፤ ይህ የመጽሐፍ ወሰን ነው። እጁን የጠበቀው ሽማግሌው ሲመታ ሕፃኑ አጠገቡ ቆሞ የሚያይበት፣ እግርም ደጋንም በአንድነት የሚገኙበት ጉባኤ ነው። በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል መባሉ እውነት ነው፤ ወራሹ ግን መጽሐፉን ሲገልጥ እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳየው ሕያው ሰው በአጠገቡ ሊኖር ያስፈልገዋል። ጉባኤውን የዘጋ ሕዝብ መጽሐፉን ቢያስቀምጥ፣ የከበረ ሣጥን አስቀምጦ ቍልፉን እንደ ጣለ ሰው ይሆናል።